2147483647፦ ለሁለት ሙያ የተፈጠረ ቁጥር

ሁለት ቢሊዮን ከ147 ሚሊዮን ከ483 ሺህ 647። ላይ ላዩን ላየው እንደ ማንኛውም ትልቅ ቁጥር ነው። አመጣጡ ግን ቀላል ነው፤ 31 ጊዜ የተጻፈ 2 እርስ በርሱ ይባዛና ከውጤቱ 1 ይቀነሳል። ይህ ቁጥር በሒሳብ ሊቃውንትም በኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ዘንድ ስም አለው፤ ስሙን ያገኘው ግን በየፊናው ነው።

በሒሳቡ በኩል ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. ብቸኛ ናቸው ካላቸው ቁጥሮች ተርታ አስገብቶታል። ያረጋገጠው ግን የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ በ1772 እ.ኤ.አ.፣ በሴንት ፒተርስበርግ፣ የዓይኑ ብርሃን ሊጠፋ በተቃረበበት ዘመን።

46341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ስለሚበልጥ፣ አካፋይ ካለው ከዚያ በታች መገኘት አለበት። እዚያ ክልል ውስጥ ወደ 4800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ኦይለር ሁሉንም አልሞከረም። አካፋይ ሊሆን የሚችለው በ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቻ መሆኑን አሳየ፤ የሚፈተኑትም ከመቶ በታች ሆኑ። የመጀመሪያው 311 ነው፤ ቢያካፍሉበት 35 ይተርፋል። የቀሩትም እንዲሁ ቀሪ ይተዋሉ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነበር።

ኮምፒዩተር ደግሞ የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ነው። በዚህ አጻጻፍ ቁጥራችን 31 ጊዜ የተደረደረ 1 ይሆናል። በ32 ቢት (የ0 ወይም የ1 ቦታ) የሚሠራ ቆጣሪ አንዱን ቢት ለፖዘቲቭና ለኔጋቲቭ ምልክት ይይዛል፤ ለመጠኑ የሚቀሩት 31 ናቸው። ሁሉም 1 ከሆኑ ቆጣሪው ሞልቷል። አንድ ቢጨመርበት ምልክቱ ይገለበጥና −2147483648 ይነበባል።

ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚለኩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሴኮንድ በመቁጠር ነው። ባለ 32 ቢቱ ቆጣሪ የሚሞላው ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው። ዕለቱ ጥምቀት ነው። በቀጣዩ ሴኮንድ ያልታደሰ መሣሪያ ቀኑን ወደ ዲሴምበር 1901 እ.ኤ.አ. ሊመልሰው ይችላል። ከቀን ጋር የተያያዘ ክፍያ፣ መዝገብ ወይም የጥገና ፕሮግራም ያለበት ተቋም ሁሉ አሮጌ መሣሪያዎቹን ከወዲሁ መፈተሽ አለበት።

መፍትሔው ባለ 64 ቢት ቆጣሪ ነው። የእሱ ጣሪያ 9223372036854775807 ሲሆን፣ በሴኮንድ ሲሰላ ከ290 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስኬዳል። ይህ ግዙፍ ቁጥር ግን ብቸኛ አይደለም፤ በ7 እንኳ ያለ ቀሪ ይካፈላል። የ16 ቢቱ ጣሪያ 32767ም በ7 ይካፈላል። ከሦስቱ ጣሪያዎች መካከል ኦይለርን የሚያስደስተው የ32 ቢቱ ብቻ ነው።