የአሮጌ ሰንጢ ምስክርነት

ሰንጢ በኪስ የሚያዝ ታናሽ ዕቃ ነው። እርሳስ ይቀረጽበታል፥ ብርቱካን ይላጥበታል፥ ገመድ ይቆረጥበታል፤ ሲደንዝ ይሳላል፥ ሲያረጅም ይጣላል። ነገር ግን በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ሰንጢ እየፈለጉ የሚሰበስቡ ብዙ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ደኅና ሆኖ ለቆየ አሮጌ ሰንጢ ከአዲሱ እጅግ የበለጠ ዋጋ ይከፍላሉ። ገንዘብ ባለበት ደግሞ አታላይ አይጠፋምና፥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኖአል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝም፥ ዕውቀቱ ለሰንጢ ብቻ ሳይሆን በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ለሚገኘው አሮጌ ዕቃ ሁሉ የሚጠቅም መሆኑን ስላየሁ ነው።

አንድ አሮጌ ሰንጢ በቀረበልን ጊዜ ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። አንደኛው፥ «ማን ሠራው? መቼስ ተሠራ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «የማን ነበር? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሰንጢው ራሱ ነው። ለሁለተኛው ግን ሰንጢው ዲዳ ነው፤ መልሱ የሚገኘው ከሰውና ከጽሑፍ ብቻ ነው። አታላይ የሚያተርፈው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ በእኛ አቆጣጠር ብዬ ካላመለከትሁ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ የምንመለከተው የሠሪውን ምልክት ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚጋጠምበት በወፍራሙ በስለቱ ሥር ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር በቢላዋ ሥራ የታወቀችው ከተማ ሼፊልድ ስትሆን፥ የዚያች ከተማና የአካባቢዋ ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በ1624 በፓርላማ ሕግ ተቋቁሞአል። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ምልክት ያስመዘግብ ነበር፤ የሌላውን ምልክት መምታትም የተከለከለ ነበር። ለምሳሌ ያህል ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ የተባለው ድርጅት የሚጠቀምበት የኮከብና የመስቀል ምልክት በ1682 የተሰጠ ነው። በጀርመን አገር ደግሞ በዚሁ ሥራ የታወቀችው ከተማ ዞሊንገን ናት። የሄንክልስ ቤት የመንታዎች ሥዕል ምልክት በዚያ የተመዘገበው በ1731 ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት የሼፊልድ ስም በዓለም ገበያ እጅግ የተከበረ ስለ ነበረ፥ በዞሊንገን ከነበሩት ሠሪዎች አንዳንዶቹ በራሳቸው ዕቃ ላይ የሼፊልድን ስም እየመቱ መሸጥ ጀመሩ። እንግሊዞችም ተቈጥተው በ1887 ስለ ንግድ ዕቃ ምልክት ሕግ አወጡ። በዚህ ሕግ ምክንያት ከጀርመን የሚመጣው ዕቃ «በጀርመን አገር የተሠራ» የሚል ጽሕፈት ይደረግበት ጀመር። ሕጉ የታሰበው ገዥው ከጀርመን ዕቃ እንዲጠነቀቅ ነበር፤ ነገር ግን የጀርመን ሠሪዎች ሥራቸውን እያሻሻሉ በመሄዳቸው ያው ጽሕፈት ኋላ የጥሩ ዕቃ ምስክር ሆነ።

አሜሪካም በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገርዋ የሚገባው ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች፤ ሕጉም ከ1891 ጀምሮ ተሠራበት። ስለዚህ በሰንጢው ሥር ላይ ከሠሪው ስም ጋር «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ቃል ከተገኘ፥ ሰንጢው ከዚያ ዘመን ወዲህ የተሠራ መሆኑ ይገመታል። ቃሉ ባይኖር ግን ሰንጢው ከ1891 በፊት ተሠርቶአል ብሎ መደምደም አይገባም፤ በዚያው በአገሩ ለመሸጥ የተሠራ ሊሆን ይችላልና።

የነገሥታት ስም ምልክትም እንዲሁ ይረዳል፥ ያሳስታልም። በብዙ የሼፊልድ ሰንጢዎች ላይ በዘውድ ግራና ቀኝ «ቪ» እና «አር» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ይገኛሉ፤ ትርጉማቸው ንግሥት ቪክቶሪያ ማለት ነው። ንግሥቲቱ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለው ሰንጢ ከ1837 በፊት ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን የቤተ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸው ሠሪዎችም እነዚህን ፊደላት ይመቱ ስለ ነበር፥ በዚህ ምክንያት ብቻ «ይህ ሰንጢ የንግሥቲቱ ነበር» የሚል ሻጭ ቢመጣ ሊታመን አይገባውም።

በምልክት ረገድ እንደ አሜሪካው ኬዝ ድርጅት ሥራውን ያቀለለልን የለም። ከ1940 እስከ 1964 በሰንጢዎቹ ላይ ስሙንና «ኤክስ ኤክስ» የሚለውን ይመታ ነበር፤ ከ1965 እስከ 1969 «ዩ ኤስ ኤ» የሚለውን ጨመረበት። በ1970 ደግሞ ከስሙ በታች አሥር ነጥቦች አደረገ፤ በየዓመቱም አንድ አንድ ነጥብ እየቀነሰ በ1979 አንድ ነጥብ ብቻ ቀረች። እንግዲህ ነጥቦቹ ሰባት ቢሆኑ ዘመኑ 1973 ነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሰንጢው ቍጥር ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ 6254 የሚለውን እንውሰድ፤ 6 እጀታው ከአጥንት መሆኑን፥ 2 ስለቶቹ ሁለት መሆናቸውን፥ 54 ደግሞ የሰንጢውን ቅርጽ ያመለክታል። 5254 ቢል ግን እጀታው የአጋዘን ቀንድ መሆን አለበት። ቍጥሩ ቀንድ እያለ እጀታው አጥንት ሆኖ ቢገኝ፥ ወይም ስለቱ አንድ ብቻ ቢሆን፥ ከሁለት ሰንጢ ተቀጣጥሎ የተሠራ መሆኑን እንጠረጥራለን።

ይሁን እንጂ ያልጠበቅነውን ምልክት ስላየን ብቻ «ሐሰተኛ ነው» ማለትም ትክክል አይደለም። የስዊስ ወታደር ሰንጢ በዓለም የታወቀ ነው፤ ሆኖም በ1891 ለጦር ሠራዊቱ የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሰንጢዎች የተሠሩት በዞሊንገን ነበር። ካርል ኤልዝነር የተባለው ስዊሳዊ በአገሩ ሠርቶ ማቅረብ የጀመረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የእርሱ ድርጅት ቪክቶሪኖክስ የሚለውን ስም ያገኘው በ1921 ሲሆን፥ ስሙም ከእናቱ ከቪክቶሪያና «ኢኖክስ» ከሚለው የማይዝግ ብረት መጠሪያ የተገጣጠመ ነው። ስለዚህ ቪክቶሪኖክስ የሚል ጽሕፈት ያለበትን ሰንጢ ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት የተያዘ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ከእውነት ውጭ ይናገራል።

በሁለተኛ ደረጃ የምንመረምረው ሰንጢው የተሠራበትን ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይናወጥ ደንብ አለ፤ ይኸውም አንድ ሰንጢ በላዩ ካለው ከማናቸውም ነገር ሊቀድም አይችልም የሚለው ነው። ሃሪ ብሪርሊ በሼፊልድ የማይዝገውን ብረት ያገኘው በ1913 ነው። እንግዲህ ስለቱ የማይዝግ ሆኖ ሳለ የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክት ያለበት ሰንጢ ቢገኝ፥ ወይ ስለቱ ተለውጦአል፥ ወይ ምልክቱ ሐሰት ነው። ሴሉሎይድ የሚባለው ሰው ሠራሽ ነገርም በንግድ የታወቀው ከ1870 ገደማ ወዲህ ስለ ሆነ፥ እጀታው ከሴሉሎይድ የተሠራውን ሰንጢ በ1800 ተሠራ ማለት አይቻልም።

የአጥንት እጀታን በማጉያ መነጽር ስናየው ጥቃቅን ጥቋቍር ነጥቦች ይታዩበታል፤ እነርሱም በሕይወቱ ሳለ የደም ሥር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። በዝሆን ጥርስ ላይ ግን እነዚህ ነጥቦች የሉም፤ በተቈረጠበት ጫፍ እርስ በርሳቸው የሚተላለፉ ቀጭን መስመሮች ይታያሉ። አንዳንድ ሰዎች ለመፈተን የጋለ መርፌ ይወጉበታል። ይህን እኔ አልመክርም፤ ዕቃውን ከማበላሸቱም በላይ ሴሉሎይድ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ አደገኛ ነገር ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የምንመለከተው የሥራውን ሁኔታና የዕድሜውን ምልክት ነው። የሠሪው ማኅተም በስለቱ ሥር ላይ የሚመታው ብረቱ ግሎና ቀዝቅዞ ከመጠንከሩ በፊት፥ ገና ለስላሳ ሳለ ነው። አታላዩ ግን በጠነከረው ብረት ላይ በአሲድ ወይም በመቅረጫ ይጽፋል። ስለዚህ በዙሪያው ያለው ብረት በዝገትና በመሳያ ተበልቶ ሳለ ፊደላቱ ብቻ ትናንት የተጻፉ መስለው ቢታዩ መጠርጠር ይገባል። ዝገትም የራሱ ሥርዓት አለው። በእጅና በሥራ የቆየ ብረት ቀስ በቀስ ወደ ግራጫነትና ወደ ጥቍረት ያዘነብላል፤ ብዙ የሚዳሰሰው ይለሰልሳል፥ የማይዳሰሰው ጓዳ ደግሞ አሮጌ ዕድፍ ይይዛል። በአሲድ እንዲያረጅ የተደረገው ግን ቀይና ሻካራ ዝገት በሁሉም ቦታ በእኩል ይታይበታል።

ስለቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የጀርባው ሞላ በደንብ ሊይዘው፥ ሲዘጋም ጫፉ በእጀታው ውስጥ ሊሰወር ይገባል። ስለቱ ወደ ጎን ቢዛባ፥ ወይም የሚያያይዘው ምስማር ራስ አዲስ የመዶሻ ምልክት ቢኖርበት፥ ሰንጢው ተፈትቶ እንደገና የተገጠመ ሊሆን ይችላል። መታደስ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መታደሱን ደብቆ መሸጥ ነው።

እነዚህን ሁሉ ከመረመርን በኋላ ሰንጢው መቼና የት እንደ ተሠራ ልናውቅ እንችላለን። የማን እንደ ነበረ ግን ገና አላወቅንም። ለዚህ የሚሻለው ምሳሌ የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ሰንጢ ነው። ሊንከን በሚያዝያ 1865 በተገደለበት ሌሊት በኪሱ ከተገኙት ዕቃዎች አንዱ እጀታው ከዝሆን ጥርስ ተሠርቶ በብር ያጌጠ ሰንጢ ነበር። ከመነጽሮቹ፥ ከመሐረቡና ከኪስ ቦርሳው ጋር ለልጁ ለሮበርት ተሰጠ፤ በቤተ ሰቡ እጅም ከሰባ ዓመት በላይ ቆየ። በ1937 የልጅ ልጁ ሜሪ ሊንከን አይሻም ዕቃዎቹን ለአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት አስረከበች፤ ለሕዝብ የታዩትም በ1976 ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፥ ይህን ሰንጢ የሊንከን ያሰኘው የዝሆን ጥርሱ ወይም ብሩ አለመሆኑን ነው። ያሰኘው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሰንሰለቱ አለመበጠሱ ነው።

በእኛም ቤት በሣጥን የሚቀመጥ አንድ ሰንጢ አለ። ቅድመ አያታችን በ1888 በእኛ አቆጣጠር ከዐድዋ ጦር ሜዳ ያመጡት ነው እየተባለ ሲነገር ሰምቼ አድጌአለሁ። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴም የዐድዋ መሆኑ ከተጻፈለት በብዙ ገንዘብ እንደሚገዛው ለአጎቴ ነገራቸው። እኔም በማጉያ መነጽር ሳየው በስለቱ ሥር ላይ «ዞሊንገን» እና «ሮስትፍራይ» የሚሉ ቃላት አገኘሁ። ሁለተኛው ቃል በጀርመንኛ «የማይዝግ» ማለት ነው። የማይዝግ ብረት ደግሞ የዐድዋ ጦርነት ከተደረገ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ የተገኘ ነገር ነው።

ነገሩን ለአጎቴ መንገር ከበደኝ፤ የቤተ ሰቡን ክብር የነካሁ መስሎ ይታየኝ ነበርና። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ሴት አያቴ ሄጄ ስለ ሰንጢው ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፥ «እርስዋንማ ባለቤቴ ሳያገባኝ ከመርካቶ ከዐረብ ሱቅ የገዛት ናት፤ ብርቱካን ይልጥባት ነበር። ዐድዋን የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። አጎቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እንግዲያስ እንደ ሆነው እንንገረው» አሉ። ነጋዴውም እውነቱን ሲሰማ ያቀረበው ዋጋ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ሰንጢው በቤታችን ቀረ። የቅድመ አያታችን መዝመት በሰንጢው ላይ የተመሠረተ አልነበረምና፥ ከክብራቸው የጐደለ ነገር የለም። ወንድ አያቴ ብርቱካን ይልጡበት የነበረውን ሰንጢ ደግሞ አሁን በትክክል አወቅነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፥ በቤታችሁ አሮጌ ሰንጢ ወይም ሌላ የቆየ ዕቃ ቢኖር አንዳንድ ነገር ላሳስባችሁ። እንዲያበራ ብላችሁ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት አትፈትጉት፤ የሠሪው ምልክት ከዝገቱ ጋር አብሮ ይጠፋልና። ዘይት በነካው ጨርቅ ጠርጋችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩት። ዕቃውን በዓይኑ ያየውን ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ የነገራችሁንም ከስሙና ከቀኑ ጋር ጻፉት። በምትጽፉበትም ጊዜ «አየሁ» ያለውንና «ሲባል ሰማሁ» ያለውን ለዩት። ሰንጢው ስለ ራሱ የሚለውን ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን በብረቱ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ስለ ባለቤቱ የሚነገረውን ግን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ካልጻፍነው መልሶ የሚያገኘው አይኖርም።