ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ስበት ስንት ይሠራል?

ከማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ደጀንን ሲያልፍ ዓባይ በረሃ መውረዱ አይቀርም። እዚያ ቁልቁለት ላይ የመሬት ስበት የሚሠራውን ሥራ በማባዛት ብቻ ማወቅ ይቻላል። ኑ፣ አብረን እናስላው!

ከቀላሉ እንጀምር። ማንኩሳ ገበያ ላይ ጫኞች አንድ ኩንታል በቆሎ አይሱዙ ላይ ይጭናሉ እንበል። ስበት እያንዳንዱን ኪሎ በ9.8 ኒውተን ወደ ታች ይስበዋል፤ 10 ብለን ብናጠጋጋው ኩንታሉ 1,000 ኒውተን ይከብዳል። የጭነቱ ወለል ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ካለ፣ 1,000 በ1.5 ሲባዛ 1,500 ጁል ይመጣል። በቆሎው ሽቅብ ሲሄድ ስበት ቁልቁል ስለሚጎትት ሥራው ኔጌቲቭ 1,500 ነው፤ ሲራገፍ ደግሞ ፖዘቲቭ 1,500። ኩንታሉን ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ መቶ ሜትር መሄድስ? ተሸካሚውን ያልበዋል፤ የስበት ሥራ ግን ዜሮ ነው። ስበት የሚቆጥረው የከፍታ ልዩነትን ብቻ ነዋ!

አሁን ወደ ዓባይ እንውረድ። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ድረስ ቁልቁለቱ ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። ከደጀን ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ እየተጠማዘዘ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ጥምዝምዙ ግን ስሌታችን ውስጥ አይገባም። ከነመንገደኛው 10 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ ብንወስድ፣ 10,000 ኪሎ በ10፣ እንደገና በ1,400 ሲባዛ 140 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። አውቶቡሱ ቢከንፍም ቢያዘግምም፣ መንገድ ላይ ቆሞ ቢያርፍም ቁጥሩ ያው ነው።

ይህ ሁሉ ኃይል የት ይገባል? ፍሬንም የአየር ሰበቃም ባይኖር ኖሮ አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር በሆነ ነበር! ይህ እንዳይሆን ፍሬኑና ሞተሩ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ሙቀቱ ቢጠራቀም ከ400 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ያደርሳል። ሹፌሮች ማርሽ ቀንሰው የሚወርዱት ለዚህ ነው፤ ሸክሙን ሞተሩ ካልተጋራው የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዝ ያቅተዋል።

ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ምልክቱ ይገለበጣል፤ ኔጌቲቭ 140 ሚሊዮን ገደማ። ሁለቱ አፋፎች በከፍታ ስለሚቀራረቡ ድምሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስበት የሰጠውን መልሶ ወሰደ ማለት ነው። ሙቀቱ ግን በረሃው ውስጥ ተበትኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ዳገቱን የሚከፍለው ናፍጣ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል አለው፤ ሞተሩ ሲሶውን ቢጠቀምበት ለከፍታው ብቻ 12 ሊትር ገደማ ይነዳል። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ቢሆን ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃም ጉባ ሲደርስ በዚሁ ሕግ ይሠራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የህዳሴ ግድብ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 1,000 ኪሎ፣ 130 ሜትር ቢወርድ ስበት 1.3 ሚሊዮን ጁል ይሠራል። ፍሬን የሚያባክነውን ተርባይን መብራት ያደርገዋል።

እናንተም በዚያ ስታልፉ የራሳችሁን ኪሎ በ14,000 (ማለትም 10 በ1,400) አባዙት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዓባይ እስኪደርስ ስበት 840,000 ጁል ሠርቶበታል።