ድር ሲያብር ድልድይ ያናውጣል

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ የአንዱን ክር ጥንካሬ ሳይሆን የክሮቹን ኅብረት ማመልከታቸው ነበር። በምህንድስና ትምህርት ግን በአብዛኛው የምንለማመደው ክሩን ነጥሎ መመርመርን ነው፤ ምሰሶውን ለብቻ፣ ገመዱን ለብቻ፣ ጭነቱን ለብቻ እናሰላለን። ይህ ስልት ብዙ ርቀት ቢያስኬድም ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ለዚህም በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የሚሌኒየም ድልድይ ጥሩ ምስክር ነው።

ይህ 325 ሜትር ርዝመት ያለው የእግረኞች ድልድይ እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2000 ተመረቀ። በዕለቱ እስከ 2000 የሚደርሱ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲራመዱበት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ተዘጋ። ብረቱም ሆነ ገመዶቹ ጭነቱን ለመሸከም አላነሱም ነበር። ታዲያ ችግሩ ከወዴት መጣ?

ሰው ሲራመድ ከክብደቱ ሌላ ወደ ጎን የሚገፋ 25 ኒውተን ገደማ ኃይል ያሳርፋል። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሲገፋ ኃይሎቹ በአብዛኛው ይጣፋሉ። ወለሉ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ግን እግረኛው ሚዛኑን ለመጠበቅ አረማመዱን ያስተካክላል፤ ማስተካከሉም ለውዝዋዜው ተጨማሪ ኢነርጂ ይሰጣል። ሰው ድልድዩን፣ ድልድዩም ሰውን ይለውጣል። ውስብስብ ሥርዓት የምንለውም ይህንኑ ነው። የእጅ ሰዓት ብዙ ጥርሶች ቢኖሩትም አንዱ ጥርስ የሌላውን ጠባይ አይለውጥም፤ ስለዚህ የክፍሎቹ ብዛት ብቻውን ሥርዓቱን ውስብስብ አያሰኘውም።

መሐንዲሶቹ በድልድዩ ላይ ሰዎችን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ለኩ። ቁጥሩ 160 ገደማ እስኪደርስ ውዝዋዜው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በድንገት አሻቀበ። ከልኬቱም አንድ ቀላል ደንብ አወጡ፦ እያንዳንዱ እግረኛ ከወለሉ የጎን ፍጥነት ጋር የሚመጣጠን ኃይል ይጨምራል። እግረኞቹ የሚሰጡት ኢነርጂ ድልድዩ ከሚያባክነው ሲበልጥ ውዝዋዜው ያድጋል። ስለሆነም መፍትሔው ንዝረትን የሚያበርዱ መሣሪያዎችን መጨመር ሆነ። ዳምፐር የተባሉ 90 ያህል መሣሪያዎች ተገጥመው ድልድዩ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2002 ዳግም ተከፈተ።

ምርምሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005 እነስቲቨን ስትሮጋትዝ ያሳተሙት ሞዴል የእግረኞቹ እርምጃ ከድልድዩ ጋር መገጣጠሙን የክስተቱ ቁልፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እርምጃዎች ሳይገጣጠሙም ሚዛን የመጠበቅ ጥረት ብቻ ድልድይ ሊያናውጥ እንደሚችል አሳየ። እንግዲህ ሞዴል የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አይደለም፤ በልኬት የሚፈተን ግምት ነው።

ይህን መስክ የሚጀምር ተማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሳ መልካም ነው። የሥርዓቱ ክፍሎች እነማን ናቸው? አንዱ ሌላውን የሚለውጠው በምን ደንብ ነው? ጠባዩ የሚገለበጠው የትኛው መጠን ሲታለፍ ነው? እነዚሁ ጥያቄዎች በኤሌክትሪክ መረብ ላይ ላሉ ጄነሬተሮችም ሆነ በጎዳና ላይ ለሚሰለፉ ተሽከርካሪዎች ያገለግላሉ። ክፍሎችን ነጥሎ ማስላት ምንጊዜም አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ለመቶ እግረኛ ትክክል የሆነ ስሌት ለሁለት ሺህ እግረኛ ዋስትና አይሆንም።