የሰውን ጠባይ በእንግሊዝኛ ስለ መግለጽ

አንድ ሰው ለሥራ ወይም ለትምህርት ዕድል ሲያመለክት፥ ብዙ ጊዜ ስለ ጠባዩ የሚመሰክር ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የሚጻፍ በሆነ ጊዜ ጸሐፊው ባማርኛ አስቦ ቃል በቃል ቢተረጉም፥ ያመሰገነ መስሎት ሊነቅፍ ይችላል። ጕዳቱም የሚደርሰው በጸሐፊው ላይ ሳይሆን በተመሰከረለት ሰው ላይ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የስሕተቱን ምክንያትና የሚታረምበትን መንገድ ለመመልከት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ፥ አማርኛ ጠባይን ብዙ ጊዜ በአካል ስም ይገልጻል። ታጋሹን ሆደ ሰፊ፥ ቶሎ የሚከፋውን ሆደ ባሻ፥ ደፋሩን ልበ ሙሉ እንለዋለን። እንግሊዝኛም እንዲሁ ያደርጋል፤ ነገር ግን ለአካላቱ የሰጠው ሥራ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ሆድ የትዕግሥት ማደሪያ ስላልሆነ፥ «ሆደ ሰፊ» በቀጥታ ቢተረጐም ሰሚው የሚያስበው ስለ ምግብ ነው። ለዚህ ሰው «ፔሸንት» የሚለው ይበቃል። በችግር ጊዜ ሳይደናገጥ የሚያስበው ደግሞ «ሌቭል ሄድድ» ይባላል፤ ይኸውም ራሱ በውሃ ልክ የተለካ እንደ ማለት ነው። አልፎ አልፎም ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ፤ «ኪፕስ ሂዝ ወርድ» ማለት እንደኛው ቃሉን ይጠብቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር የሚመሳሰሉ ቃላት ናቸው። ኩራት የሌለበትን ሰው «ሲምፕል» ብንለው፥ አእምሮው ደካማ ነው ያልን ሊመስል ይችላል፤ «ሞደስት» ወይም «አንፕሪቴንሽየስ» ይሻላል። ብልሁን «ከኒንግ» ብንለው ተንኰለኛ አደረግነው። «ሴንሲብል» አስተዋይ ነው፤ «ሴንሲቲቭ» ግን ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ነው።

ሦስተኛ፥ አንዱ ጠባይ እንደ ተናጋሪው አመለካከት የምስጋናም የነቀፌታም ስም አለው። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ይህን በቀልድ አሳይቷል፤ ሰው በሐሳቡ መጽናትን በራሱ ሲያየው «ፈርም»፥ በሚያነጋግረው ሰው ሲያየው «ኦብስቲኔት»፥ በሩቁ ሰው ሲያየው ግን «ፒግ ሄድድ» ይለዋል። ስለዚህ ነቀፌታ ግድ ሲሆን እንግሊዞች «ሂ ካን ቢ ራዘር ስታበርን» በማለት ያለዝቡታል፤ ግትርነቱ አንዳንድ ጊዜ የሚታይ እንጂ የሰውዬው ሁለንተና አይደለም ማለታቸው ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን «ጨዋ» የሚለው ቃላችን ነው። በሥርዓት ያደገ፥ አንደበቱን የሚገታ፥ የሰው ገንዘብ የማይነካ፥ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል፤ አነጋገሩና አቀራረቡ ያማረው «ዌል ማነርድ»፥ ስሜቱን የሚገዛው «ሰልፍ ኮንትሮልድ»፥ የማይሰርቀውና የማይዋሸው «ኦነስት» ነው። ለገንዘብ ያዥነት የሚታጨውን ሰው «ዌል ማነርድ» ብቻ ብለን ብንጽፍለት፥ አንባቢው ስለ እጁ ንጽሕና ምንም አላወቀም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ከመዝገበ ቃላት የቃሉን ፍቺ ብቻ ሳይሆን የሚነገርበትንም ዐረፍተ ነገር መመልከት ነው፤ ራስል በተናገረበት በዚያው ዓመት ኦክስፎርድ ያሳተመው የሆርንቢ መዝገበ ቃላት ለውጭ አገር ተማሮች የተዘጋጀው ይህንኑ በማሰብ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው፥ ብዕር ከማንሣታችን በፊት «ከዚህ ሰው ያየነው ምንድር ነው?» ብለን ራሳችንን መጠየቅ ነው። ያየነውን ለይተን ካወቅነው፥ የእንግሊዝኛውን ቃል ማግኘት ብዙ አያስቸግርም።