ጠርዙን ሳያዩ ዋጋ አይጠሩም

ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዘመን መታሰቢያ ሜዳሊያዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ሊበርታስ አሜሪካናን እመርጣለሁ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፓሪስ በልዑክነት ሳለ አስቦት፣ ፈረንሳዊው ቀራጭ ኦጉስታን ዱፕሬ በ1783 እ.ኤ.አ. ሠራው። በአንዱ ገጽ ጸጉሯን ነፋስ የሚበትነው ወጣት አለች፤ ነጻነት ናት። በሌላው ገጽ አሜሪካን የሚወክለው ሕፃኑ ሄርኩለስ ሁለት እባቦች አንቆ ይታያል፤ እባቦቹ በሳራቶጋና በዮርክታውን እጃቸውን የሰጡት ሁለቱ የእንግሊዝ ጦሮች ናቸው። በሕፃኑ ላይ የሚዘለውን አውሬ፣ ማለትም እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን የምትወክለው አምላክ ሚነርቫ የፈረንሳይ ነገሥታት አበባ በተቀረጸበት ጋሻ ትመክትለታለች። ለፈረንሳይ ውለታ ከዚህ ያማረ ምስጋና አላውቅም። የወርቁ ለፈረንሳይ ንጉሥና ንግሥት ተሰጠ።

ኮንግረስ ራሱ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ የወሰነው ነጻነት ከመታወጁ በፊት፣ በመጋቢት 1776 ነው፤ እንግሊዞችን ከቦስተን ላስወጣው ለጆርጅ ዋሽንግተን። ሥራው ለፓሪሱ ቀራጭ ለዱቪቪዬ ተሰጥቶ፣ ወርቁ ዋሽንግተን እጅ የገባው በ1790 ነው። ዛሬ በቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ሰብሳቢውን የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ ቤት እንደ ዋሽንግተኑ ያሉ ሜዳሊያዎችን ቅጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ማተሙን አላቆመም። ፊታቸው አንድ ይመስላል፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገማች ሜዳሊያውን በእጁ ሲይዝ በቅድሚያ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ያያል። ትንሽ የጠቋሚ እጅ ምልክት ካገኘ የታተመው ከ1845 እስከ 1860 ባለው ጊዜ ነው፤ ንብ ካየ ከ1860 እስከ 1879፤ ፍሬ የሞላበት ቀንድ ካየ ከ1880 ወዲህ። ከምልክቱ አጠገብ የብረቱ ዓይነት በፈረንሳይኛ ይጻፋል።

ጠርዙ ንጹሕ መሆኑ ግን ብቻውን የቀደምትነት ማስረጃ አይሆንም፤ ምልክቱ በሞረድ ተፍቆ ሊሆን ይችላል። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አስመሳይም አለ። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ስፋቱ ከእውነተኛው በጥቂቱ ያንሳል፤ ፊደሎቹም ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ስፋቱ ይለካል፣ ክብደቱ ይመዘናል፣ ፊደሎቹም አንድ በአንድ ይታያሉ።

እንዲህ ያለ አሮጌ የመዳብ ሜዳሊያ እጅዎ ከገባ አደራ፣ አይወልውሉት። መዳቡ በዘመናት ያወጣውን ቡናማ ቀለም አንዴ ከፈተጉት አይመለስም፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። እንዳለ ለገማች ያሳዩት።