የጅራታም ኮከብ መንገድና ድምቀት

ዴቪድ ጀዊትና ኤድዋርድ ዳንየልሰን በካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለውን ባለ 5 ሜትር ቴሌስኮፕ ባዶ ወደሚመስል የሰማይ ጥግ ያዞሩት ኦክቶበር 16 ቀን 1982 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚፈልጉት የሃሌይን ጅራታም ኮከብ ነው። ከ1911 ወዲህ ያየው ሰው አልነበረም። ያን ሌሊት ገና ከሳተርን ምህዋር ማዶ ሲሆን፣ ፀሐይ ዘንድ እስኪደርስ ከሦስት ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ሆኖም ስሌቱ ከጠቆመው ነጥብ የሙሉ ጨረቃን ስፋት መቶኛ ያህል እንኳ ሳይርቅ አገኙት።

ከዚህ ጎን አይሰን የተባለውን ጅራታም ኮከብ እናስቀምጥ። በሴፕቴምበር 2012 ሲገኝ ብዙ ጋዜጦች «የምዕተ ዓመቱ ጅራታም ኮከብ» እያሉ ጻፉለት። በፀሐይ አጠገብ መቼና በምን ያህል ርቀት እንደሚያልፍ ከብዙ ወራት በፊት ታውቆ ነበር፤ በተባለውም ቀን፣ ኖቬምበር 28 ቀን 2013፣ ከፀሐይ ገጽ 1.2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አለፈ። ነገር ግን እዚያ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተፈረካክሶ ስለነበር፣ በዲሴምበር ሰማይ ላይ ይደምቃል ብሎ የጠበቀው ሕዝብ ምንም አላየም። ጅራታም ኮከብን የመከታተል ሙያ ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሁለት ታሪኮች ውስጥ አለ። የት እንደሚሆን በአስደናቂ ትክክለኛነት ይነገራል፤ ምን ያህል እንደሚደምቅ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ያጠራጥራል።

መንገዱን የማወቁ ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ የ1577ቱን ጅራታም ኮከብ ለክቶ ከጨረቃ በጣም እንደሚርቅ አሳየ። ከዚያ በፊት በአውሮፓ የብዙ ምሁራን እምነት ጅራታም ኮከብ በአየር ውስጥ የሚነድ ጭስ ነው የሚል ነበር። ኒውተን ስበትን ሲያስረዳ የ1680ውን ጅራታም ኮከብ መንገድ በወረቀት ላይ አሰላ። ወዳጁ ኤድመንድ ሃሌይ በ1705 የ24 ጅራታም ኮከቦችን ምህዋር አሳትሞ፣ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት አንድ አካል መሆናቸውን፣ በ1758 ገደማም እንደሚመለስ ተነበየ። እሱ ራሱ ሳያየው በ1742 ሞተ።

ከሁሉ ይልቅ ሊወሳ የሚገባው ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ይመስለኛል። ጁፒተርና ሳተርን በስበታቸው ስለሚጎትቱት የመመለሻው ጊዜ በየዙሩ ይለያያል። ፈረንሳውያኑ አሌክሲ ክሌሮ፣ ጄሮም ላላንድና ኒኮል ሬን ለፖት ጉተታውን ደረጃ በደረጃ በእጅ ሲያሰሉ ለወራት ተቀመጡ። ላላንድ የለፖትን ድርሻ በጽሑፉ ባይመሰክርላት ኖሮ የዚህች ሴት ድካም ተረስቶ በቀረ። ውጤታቸው ኮከቡ ከቀዳሚው ዙር 618 ቀን ዘግይቶ በኤፕሪል 1759 አጋማሽ ገደማ ፀሐይ ዘንድ እንደሚደርስ ነገራቸው። የደረሰው ማርች 13 ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ ለሚፈጅ ጉዞ የአንድ ወር ስሕተት መሆኑ ነው። ቀድሞ ያየው ደግሞ በድሬስደን አጠገብ ይኖር የነበረ ዮሃን ፓሊትሽ የሚባል ገበሬ ሲሆን፣ ቀኑም የ1758 የገና ዕለት ነበር።

ዛሬ አንድ ምህዋር በስድስት ቁጥሮች ይገለጻል። ቁጥሮቹ የሞላላውን መጠንና ቅርጽ፣ በሕዋ ላይ ያለውን አቅጣጫና ኮከቡ ለፀሐይ የሚቀርብበትን ጊዜ ይነግሩናል። በመርህ ደረጃ በተለያዩ ሌሊቶች የተወሰዱ ሦስት ልኬቶች ይበቃሉ። የብሬመኑ ሐኪም ኦልበርስ በ1797 ለጅራታም ኮከቦች የሚሆን ቀላል ዘዴ አሳተመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጋውስ ለማንኛውም ምህዋር የሚሠራውን አመጣ። በሦስት ልኬት የተሠራ ምህዋር ግን ግምት ነው፤ ጥራት የሚመጣው ከሳምንታትና ከወራት ክትትል ነው። ስለዚህ ከመላው ዓለም የሚመጡ ልኬቶች አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ወዳለው የጥቃቅን ፕላኔቶች ማዕከል ይላካሉ፤ ስሌቱም በየጊዜው ይታደሳል። ኮከቡ ከመገኘቱ በፊት ሳይታወቅ የተነሳባቸው ፎቶግራፎች ሲገኙ ደግሞ ሥራው በአንዴ ይቃናል። ጁላይ 1 ቀን 2025 ቺሊ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ያገኘው እንግዳ አካል በጁን በተነሱ ምስሎች ላይ ስለተገኘ፣ ከሌላ ኮከብ አካባቢ የመጣ መንገደኛ መሆኑ በማግሥቱ ሊታወጅ ችሏል። 3አይ አትላስ የሚባለው እሱ ነው።

ስበት ብቻውን ግን ሁሉን አያስረዳም። የኤንከ ጅራታም ኮከብ ፀሐይን በ3.3 ዓመት ይዞራል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየዙሩ ከስሌቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እየቀደመ ይመጣ ነበር። ሃሌይ ደግሞ በየዙሩ አራት ቀን ያህል ይዘገያል። ምክንያቱን በ1950 ያስረዳው ፍሬድ ዊፕል ነው። የጅራታም ኮከብ አስኳል አቧራ የተቀላቀለበት በረዶ ነው፤ ፀሐይ ስታሞቀው ከአንድ ጎኑ የሚፈነዳው ጋዝ አካሉን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋዋል። አስኳሉ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሽከረከር እየታየ ግፊቱ ኮከቡን ያስቀድመዋል ወይም ያስዘገየዋል። እንግዲህ ድምቀቱን የሚሰጠውና መንገዱን የሚያዛንፈው ያው አንድ ጋዝ ነው። ድምቀትን መከታተል የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየኝም ይህ ነው።

የድምቀቱ ሕግ ሲነገር ቀላል ነው። ከእኛ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለፀሐይ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ተራ ድንጋይ አራት እጥፍ ይደምቃል፤ ጅራታም ኮከብ ግን ጋዝና አቧራ ስለሚጨምር ብዙ ጊዜ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ችግሩ «ብዙ ጊዜ» የሚለው ላይ ነው። የፀሐይን ሥርዓት ከሩቅ ከከበበው የበረዶ አካላት ስብስብ፣ ከኦርት ደመና፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡት በቀላሉ በሚተን በረዶ ስለተሸፈኑ ከሩቅ ሳሉ በጣም ይደምቃሉ፤ ሲቀርቡ ግን ባሉበት ይቆማሉ። በ1973 የኮሆቴክ ጅራታም ኮከብ ሕዝቡን ቅር ያሰኘው በዚህ ነው። ተቃራኒውም አለ። በኦክቶበር 2007 የሆምስ ጅራታም ኮከብ ከፀሐይ እየራቀ ሳለ ሁለት ቀን እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ያህል ደምቆ በባዶ ዓይን ታየ።

የድምቀቱ ልኬት እንዴት እንደሚወሰድ በቅርብ እንይ። ተመልካቹ በባይኖክዩላር ጅራታም ኮከቡን አጥርቶ ያይና አስኳሉን የከበበውን ጉም ስፋትና ድምቀት በአእምሮው ይይዛል። ከዚያ ወደ አጎራባች ኮከቦች ዞሮ፣ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ የጉሙን ያህል እስኪሰፉ ድረስ ፎከሱን ያደበዝዛል። አሁን ማወዳደር ይቻላል። ድምቀታቸው 6.2 እና 7.0 በሆኑ ሁለት ኮከቦች መካከል እኩል ላይ ከወደቀ 6.6 ብሎ ይጽፋል፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል። ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ስፋት፣ የጉሙን ዲያሜትር፣ መሐሉ ከ0 እስከ 9 ምን ያህል እንደጠበበም ይጨምራል። ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች በአንድ ሌሊት ሊለያዩ ይችላሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ግምቶች ሲደመሩ ግን የድምቀቱ ጉዞ ጥርት ብሎ ይወጣል። በስሎቬኒያ የሚተዳደረው የጅራታም ኮከቦች የምልከታ መዝገብ የሚሞላው በአብዛኛው ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ነው።

የዚህ ሥራ አዋቂዎችም ይሳሳታሉ። በ2024 ክረምት ዝደነክ ሴካኒና የተባሉት አንጋፋ ተመራማሪ ቹቺንሻን አትላስ የተሰኘው ጅራታም ኮከብ ለፀሐይ ሳይቀርብ እንደሚበታተን ጻፉ። ድምቀቱ ቆሞ ስለነበር ምክንያት ነበራቸው። ሴፕቴምበር 27 ግን ኮከቡ በሰላም አለፈ፤ በኦክቶበር ደግሞ በባዶ ዓይን ታየ። እንደ ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ የቀረበ አገር በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠቀማል፤ ኮከቡ ሊነጋ ሲል በምሥራቅ፣ ቆይቶም ሲመሽ በምዕራብ ይታይ ነበር፤ ወቅቱም የክረምቱ ደመና የሚገፈፍበት ነው። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት እንጦጦ ለዚህ ክትትል የሚመች ቦታ ነው፤ በዚሁ መስመር ቢሠራበት እመኛለሁ።

የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት በ2022 ያጸደቀው ኮሜት ኢንተርሴፕተር የተባለ ተልእኮ በዚህ ክትትል ላይ የቆመ ነው። መንኮራኩሯ በዚህ አሥርት ዓመት ማብቂያ ገደማ ትመጥቃለች፤ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃም ትጠብቃለች። የምትጎበኘው ጅራታም ኮከብ ገና አልተመረጠም። ቴሌስኮፖች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፀሐይ የሚመጣ አንድ ሲያገኙ፣ ምህዋሩ በፍጥነት ተሰልቶ መንኮራኩሯ ልትደርስበት መቻል አለመቻሏ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጉዞ የምትጀምረው።