ሥራ ሳይለቁ ዲግሪ፦ ከመመዝገብ በፊት

ሰኔ ሲያልቅ በማሻና በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለ መምህር ሻንጣውን ያዘጋጃል። «ዘንድሮም ክረምት ልገባ ነው» ሲል ጎረቤቱ ወዲያው ይገባዋል፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እሱ በተራው ተማሪ ሊሆን ነው። ሥራ ሳይለቁ ዲግሪ ለመያዝ የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ፣ የርቀት ትምህርትም አለ። የቱ እንደሚሻል የሚወስነው ግን የሥራዎ ሰዓት ነው።

እስኪ እናስላው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ቢሰጥ 48 ሰዓት ይሆናል። ክረምት ላይ ያው ኮርስ በ8 ሳምንት ይለቅ ከተባለ በሳምንት 6 ሰዓት ይፈጃል። አራት ኮርስ የያዘ ሰው በሳምንት 24 ሰዓት ክፍል ይቀመጣል፤ ንባቡና አሳይመንቱ ሳይቆጠር። መምህር ይህን የሚችለው ክረምት ስለማያስተምር ነው። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ቅዳሜም የሥራ ቀኑ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቅዳሜና እሑድ ትምህርት ከመክፈሉ በፊት ከአለቃው ጋር ይነጋገር፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ ይያዝ።

ሌላው መንገዱ ነው። መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በየሳምንቱ የሚመላለሱበት አይደለም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓስ መክፈቱ ለአካባቢው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የሚፈልጉት ትምህርት ለሠራተኛ በሚመች ሰዓት መሰጠቱን ግን ሬጅስትራር ቀርበው ይጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ተማሪ ተቸግሯል። ሞጁልዎ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ መስመር የጠፋ ዕለት ትምህርቱም አብሮ ይቆማል። ወረቀቱን አሳትሞ፣ የደጋው እርጥበት እንዳያበላሸው በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የዕውቅናው ነገር ነው። ዓመታት ተምሮ፣ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ከፍሎ፣ ማስረጃው ተቀባይነት ያጣበትን ሰው ሐዘን ማየት ይከብዳል። ዕውቅና ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ካምፓሱ፣ የትምህርት መስኩና የአሰጣጡ ዓይነት ለየብቻ ይታያሉ። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ የተፈቀደለት ኮሌጅ ሌላ ከተማ ላይ በርቀት ያንኑ ለማስተማር ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጥራት ምክንያት ለጊዜው ማገዱን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የግል ተቋም ከመረጡ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ሳይጠይቁ ብር አይክፈሉ። በቴክኒክና ሙያ የመጡ ከሆነም የደረጃ 4 የሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ማስረጃዎ በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ።

መሥሪያ ቤትዎ ልክፈልልህ ካለ የግዴታ ውሉን በደንብ ያንብቡ፦ ስንት ዓመት ያገለግላሉ? ቢለቁስ ምን ይመልሳሉ? የፈተና ፈቃድንም አስቀድመው ይጠይቁ። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለሐዘን፣ ለጋብቻ፣ ለፈተናና ለመሰል ጉዳይ በዓመት እስከ 7 ቀን ፈቃድ ደንግጎ ነበር። የክልል ሠራተኛ በክልሉ ሕግ ስለሚተዳደር የሰው ሀብት ክፍሉን መጠየቅ አለበት።

በመጨረሻ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ ይህን ፈተና ከ100 ቢያንስ 50 አምጥቶ ማለፍ ይጠበቅበታል፤ በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት የተፈተኑት አብዛኞቹ አላለፉም። ፈተናው ለትምህርት መስኩ ከተመረጡ ዋና ዋና ኮርሶች ይወጣል፤ ክረምት በክረምት ለሚማር ደግሞ ቀድሞ የወሰደው ኮርስ ብዙ ዓመት ያለፈው ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ሞጁል ለማንም አይስጡ።